የታውኖ ግራ አውራ ጣት

«ግረፈው እንጂ ታውኖ! ፈረስ ነው የሚጎትተን ወይስ ላም?»

ልጄ ልጓሙን ነቅነቅ ሲያደርገው ሩስኮ አንገቱን አስረዝሞ ሮጠ፤ የበረዶ ጋሪያችንም በረዶ ሆኖ በረጋው ወንዝ ላይ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተወነጨፈ። ከፈረሱ ሰኮና የሚፈናጠረው የበረዶ ፍርፋሪ ፊቴን ይገርፈኛል። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ገና ከሰዓት በኋላ ቢሆንም የየካቲት ፀሐይ እኛ አገር ብቅ ብላ መመለስ እንጂ መቆየት አታውቅምና ከጥዶቹ ጫፍ ላይ ወርዳ ነበር።

አጠገቤ በበግ ለምድ ተጠቅልላ የተቀመጠችው ኢዳ የዓሣ አጥማጁ የሄርማን ሚስት ናት። ጎህ ሳይቀድ ከባሕሩ ዳር ተነስታ፣ በእንጨት መንሸራተቻዋ ስትንሸራተት ውላ፣ እኔ ቤት ስትደርስ ላብ በላብ ሆና ነበር። በር ላይ ቆማ ያለችኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ተቆለፈ።» ለወጌሻ ከዚያ በላይ ማብራራት አያስፈልግም፤ የባሏ ወገብ ነው። የሞራ ቆርቆሮዬን አንስቼ፣ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አልኳት። «ምን ሲያነሳ ነው?»

«ምንም አላነሳም እትዬ ሴራፊና። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ በዚያው ቀረ።»

«ወይ ጣጣ! ድንጋይ ያነሳ ሰው ድንጋዩን ይረግማል። ይሄ ማንን ሊረግም ነው?»

«እኔን ነዋ! ከትናንት ጀምሮ የሚረግመው እኔን ነው።»

ከፊት የተቀመጠው የታውኖ ትከሻ ሲነቀነቅ አየሁ፤ እየሳቀ ነው። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ኢዳ የቀረውንም ነግራኝ ነበርና።

በሄርማን የመረብ ጎጆ ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ስድስት ተማሪዎች ተደብቀዋል። በረጋው ባሕር ላይ ተሻግረው ስዊድን ሊገቡ፣ ከዚያ ጀርመን ወርደው ወታደርነት ሊማሩ፣ ተመልሰው ዛሩን ከአገራችን ሊያስወጡ ነው ሐሳባቸው። ጦርነቱ ሁለተኛ ክረምቱን የያዘበት ዓመት ነበር፤ የየቤቱ ወጣት ልጅ ወደ ባሕሩ ዳር የሚጎርፍበት። በዚያ በረዶ ላይ ስንጥቁ የት እንደሚከፈት፣ የትኛው በረዶ ሰው እንደሚሸከምና የትኛው እንደሚውጥ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሄርማን ብቻ ነው። ነገ ደግሞ ነፋሱ ከደቡብ ይነሳል ይባላል፤ ከተነሳ በረዶው ይገነጣጠላል። የዛሩ ጀንደርሞችም፣ የመንግሥቱ የጸጥታ ፖሊሶች፣ ዳርቻውን ቤት ለቤት እያሰሱ መጥተው ጎረቤት መንደር ደርሰዋል። ልጆቹ ዛሬ ካልወጡ ነገ ይያዛሉ፤ ከተያዙ የፔትሮግራድ እስር ቤት ነው መጨረሻቸው።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ የምፈራው ከፊቴ ልጓም የያዘውን ነበር።

አባቱ አሜሪካ የመዳብ ጉድጓድ ገብቶ አልወጣም። መቃብር እንኳ የለኝም። ባለፈው ገና ታውኖ «እኔም እንደሚሻገሩት ልጆች ልሂድ» ሲለኝ እጁን ይዤ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ፣ አስገባሁትና አስማልኩት። እኛ ዘንድ ሳውና ውስጥ የወጣ ቃል ቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ቃል ነው፤ እዚያ አይጮህም፣ አይሰደብም፣ አይዋሽም። «እናቴ ሂድ ካላለችኝ አልሄድም» ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ዝም ማለቱ ይበልጥ ያስፈራኝ ጀመር።

ወጌሻነቱን እኔ ከእናቴ፣ እናቴ ከአባቷ ነው የወረስነው፤ ከኔ ቀጥሎ ያለው ታውኖ ነው። እጅ አለው። ሰው እንዲሁ ሲራመድ አይቶ የትኛው ዳሌው እንደሸሸ ይነግርሃል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ግራ አውራ ጣቱን ያከብደዋል። ቀኙ ሲጫን እንደ ሰው ነው፣ ግራው ሲጫን እንደ ቡልቅ በሬ። ስንት ዓመት ተናገርኩ፣ ማን ሊሰማኝ!

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ከየቤቱ የሳውና ጭስ ይወጣል። ቅዳሜ ስለሆነ የሄርማን ሳውና መጨሱ ማንንም አያስጠረጥርም። ለዚህም ነበር ቅዳሜን የመረጡት።

ሄርማንን ያገኘሁት ሳውናው ወለል ላይ፣ በእጁና በጉልበቱ ተደፍቶ ነው። ያ ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ!

«እንዲህ ሆነህ ነው ስዊድን የምትገባው?» አልኩት።

«እትዬ ሴራፊና፣ ወይ ያቃኑኝ ወይ ይግደሉኝ።»

«ከሁለቱ የሚቀልህን እናያለን። ኢዳ፣ ፋኖሱን እዚያ ስቀዪው። ታውኖ፣ አንተ ውጭ ሆነህ መንገዱን ጠብቅ። ሰው ካየህ ሩስኮን ጮኸህ ተቆጣው።»

ሩስኮ ታስሮ ንቅንቅ የማይል ፈረስ ነው፤ ስለዚህ ቁጣው ምልክት መሆኑን እናውቃለን።

ኢዳና እኔ ሄርማንን እየጎተትን መደቡ ላይ በደረቱ አስተኛነው። ድንጋዮቹ ላይ ጥቂት ውሃ ረጨሁ፤ እንፋሎቱ ቀስ ብሎ ወረደ። እግሮቹን ጎን ለጎን አድርጌ ተረከዞቹን አየሁ፤ ግራው ከቀኙ አንድ አውራ ጣት ያህል አጥሯል። ጀማሪ ወጌሻ እዚህ ላይ ወደ ወገቡ ይጣደፋል። ወገብ ግን ሌባ ሲመጣበት እንደሚቆለፍ በር ነው፤ በቀጥታ ከሄድክበት ይበልጥ ይቆለፋል። እኔ ከእግሩ መዳፍ ጀመርኩ። ሞራውን በእጄ አሙቄ ከውስጥ እግሩ ወደ ባቱ፣ ከባቱ ወደ ጭኑ፣ እያንዳንዱን ጅማት እየለመንኩ ወጣሁ። ልጆቹ ጎጆ ውስጥ ሆነው ደቂቃ እንደሚቆጥሩ አውቃለሁ። እጅ ግን አይጣደፍም፤ ከተጣደፈ ሥጋው ያውቅብሃል።

ዳሌው ላይ ስደርስ ሄርማን ትንፋሹን ያዘ።

«ተንፍስ።»

«ያማል!»

«አውቃለሁ። ተንፍስ አልኩህ፣ ሚስትህ ፊት እንደ ሕፃን አትሁን።»

ተነፈሰ። ትንፋሹ ወጥቶ ሲያልቅ፣ ያን ጊዜ ሥጋው ለአንድ አፍታ ጥበቃውን ይተዋል፤ አውራ ጣቴን ከአከርካሪው ጎን አስገብቼ ጉልበቱን ወደ ራሴ ሳብኩ። የሆነ ነገር ድምፅ ሳያሰማ ቦታው ገባ። ድምፅ የሚያሰማ ጉረኛ ወጌሻ ነው።

ተረከዞቹን አየሁ። እኩል ናቸው።

«ተነስ።»

ሄርማን ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እኔንና ኢዳን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። ኢዳ «ተመስገን!» ብላ ሳትጨርስ ከውጭ የልጄ ጩኸት መጣ።

«ሩስኮ! ቁም አልኩህ! ቁም አንተ ጋኔን!»

የኢዳ ፊት አመድ መሰለ። ሄርማን ሱሪውን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተመልሰህ ተኛ። በሽተኛ ነህ።»

«እኔ መዋሸት አልችልም» አለ። ፊቱ ከወዲሁ ቀልቷል። «ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ተኛ! ፊትህን ወደ መደቡ አድርግ።»

በሩ ተከፈተ፤ ብርዱ ዘው ብሎ ገባ። ቀድሞ የገባው የአጥቢያችን ፖሊስ ኒርማን ነው። ደፉን ሲረግጥ ሳያስበው ኮፍያውን አወለቀ፤ እንዳደገበት። አንገቱን ያቃናሁለት እኔ ነኝና ዓይኔን ማየት አልፈለገም። ከኋላው የመጣው ጀንደርም ግን ኮፍያውንም ጎራዴውንም እንዳደረገ ገባ። አጭር፣ ሽበታም፣ ጢሙን በሥነ ሥርዓት የከረከመ ሰው ነው።

«በሩን ዝጉት!» አልኩ። «ላብ የወጣው ሰው ተኝቷል። ብርድ አስገብታችሁ ልትገድሉት ነው?»

ኒርማን በሩን ዘጋና ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ሴራፊና፣ ሃምሳ አለቃ ዙየቭ ናቸው። ሄርማን ዛሬ ሰዎች እየመራ በረዶ ላይ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ደርሷቸዋል።»

«በምኑ ሊወጣ? በሆዱ እየተሳበ?»

ኒርማን ተረጎመለት። ሃምሳ አለቃው አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ጓንቱን አንድ በአንድ ከጣቶቹ እያወለቀ፣ ረጋ ብሎ ተናገረ፤ ኒርማንም ተከትሎት ተረጎመ።

«‹በምልመላ ጊዜ ከሐኪሙ ጎን የምቆመው እኔ ነበርኩ› ይላሉ። ‹ወታደር ላለመሆን ወገቤን የሚል ብዙ ገበሬ አይቻለሁ። ይጮሃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይወድቃሉ። ጀርባቸውን ስነካ ግን ለስላሳ ነው። አፍ ይዋሻል፣ ጀርባ አይዋሽም። ይነሳና ልየው፣ ልንካው› ነው የሚሉት።»

ሰውዬው ሥራውን ያውቃል። ይህን ጀርባ አሁን ቢነካው የሚያገኘው የሞቀ፣ የላላ፣ የዳነ ጀርባ ነው። ሄርማንን ይወስደዋል። ሄርማን ከተወሰደ ወታደሮቻቸው መጥተው ቤቱን ይበረብራሉ። የመረብ ጎጆው ደግሞ ከሳውናው ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው።

ሄርማን በደረቱ እንደተኛ ጆሮው በፋኖሱ ብርሃን ቀልቶ ይታየኛል።

«እሺ» አልኩ። «ግን እኔ ላስነሳው። አያያዙን የማያውቅ ሰው ከነካው እንደ ደረቅ እንጨት ነው የሚሰበርባችሁ።»

መደቡ ላይ ተንበረከክሁ። ቀኝ እጄን በትከሻው ሥር አሾለክሁ። ግራ አውራ ጣቴን ቅድም በለመንኩት፣ ቅድም በከፈትኩት ቦታ ላይ አሳረፍሁ። ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ።

«ይቅር በለኝ ሄርማን።»

«ለምኑ ነው—»

ትከሻውን ወደ ላይ ሳብኩና አውራ ጣቴን በተቃራኒው ጫንኩ።

ጮኸ። ያን ጩኸት ከወላድ ሴት በቀር ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉት ጅማቶች ገመድ ሆነው ተገተሩ፤ ዳሌው ወደ አንድ ወገን ሸሸ፤ ያ ሰማይ የሚያክል ሰውዬ እጄ ላይ እንደ ቀስት ጎበጠ። ኢዳ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሃምሳ አለቃው ቀረብ ብሎ መዳፉን ሄርማን ጀርባ ላይ አደረገ። ሥጋው በራሱ ሲዘል፣ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። ለጥቂት ጊዜ እጁን አላነሳም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ።

«‹ይሄ ውሸት አይደለም› ይላሉ» አለ ኒርማን። «ሰኞ ተመልሰው ያዩታል።»

«ሰኞማ እኔ ቤት ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለው ሳምንታት መታሸት አለበት። ዛሬውኑ በጋሪዬ ጭኜው ነው የምሄደው።»

ሃምሳ አለቃው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምረግመው አገኝ ነበር።

የፈረሶቻቸው ኮቴ ሲርቅ እጄን አየሁት። እናቴ ስታስተምረኝ፣ ወጌሻ እያወቀ ሰው የጎዳ እንደሆነ እጁ ይቀዘቅዛል፣ ዳግመኛም አይሞቅም ብላኝ ነበር። በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሞራ ውስጥ፣ እጄ በረዶ ሆኖ ነበር። የፍል ውሃው በርሜል ውስጥ እስከ ክንዴ ከተትኩት። አልሞቀም።

ታውኖ ገባ። ሄርማንን አየ፣ እኔን አየ።

«እማዬ፣ ምን ሆነ?»

«ቆለፍኩት።»

ካፖርቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበና እጆቹን አሞቀ። «አብረን እንክፈተው» አለኝ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ከበደ። አንዴ የተከዳ ወገብ ሰው አያምንም። ታውኖ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ፣ ዳግም ከእግሩ መዳፍ ጀመርን። ሄርማን ጥርሱን ነክሶ ሁለታችንንም፣ እናቶቻችንንም፣ ፈረሳችንንም ረገመ። ሳውና መሆኑን ላስታውሰው አልደፈርኩም።

«ግራህን አላላው!» አልኩት ልጄን። «ሰው ነው እንጂ ሊጥ አይደለም!»

«አላላሁት እኮ።»

«አላላሁት ይላል እንዴ! ከዚህ ሆኜ ይከብደኛል።»

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ነው እጄ ሙቀቱ የተመለሰለት። መቼ እንደሆነ አላወቅሁም። ሄርማን ተነፈሰ፣ ታውኖ ጉልበቱን ሳበ፣ እኔ ጫንኩ። ገባ። ተረከዞቹ እኩል ሆኑ። ኢዳ ጎጆው ድረስ ሮጣ ልጆቹን ጠራቻቸው፤ ነጭ አንሶላቸውን ደርበው፣ መንሸራተቻቸውን ይዘው ሳውናው ፊት ተሰለፉ። አንዱ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ በደስታ የሩስኮን አፍንጫ ሳመ።

እኔ ግን አውራ ጣቴ ሥር የሆነ ነገር ተሰምቶኛል። ቦታው ገብቷል፤ አልተያዘም። ሚስማሩ እንደላላ የበር ማጠፊያ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይይዝ ነበር፤ እኔ በገዛ እጄ መልሼ አላላሁት። ላቡ ሲደርቅ፣ ብርዱ አጥንቱ ሲገባ፣ መሐል ባሕሩ ላይ ይቆለፋል። ምናልባት ሳይሆን በእርግጥ። ታውኖ ይህ አልተሰማውም፤ እጁ ገና እዚያ አልደረሰም።

ዝም አልኩ። ከተናገርኩ የሚሆነውን አውቃለሁ። በዚህ ዳርቻ የተቆለፈ ወገብ መክፈት የሚችሉ አራት እጆች ብቻ አሉ፤ ሁለቱ የኔ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ፈረስ ከረገጠኝ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ግቢዬን አልሻገርም። ዝም ካልኩ ልጄ ቤቱ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ አልጋው ላይ ይተኛል። ሞራውን ቆርቆሮ ከደንኩ። መክደኛው አልገጥም አለኝ፤ እንደገና ከደንኩት።

«እትዬ ሴራፊና» አለች ኢዳ። ከፊቴ መጥታ ቆማለች። ስትሮጥ የዋለች ናትና ፊቷ ገና አልቀዘቀዘም። «ይመለስልኛል?»

በሌላ ቦታ ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እንደምል እንጃ። ሳውና ውስጥ ነው የጠየቀችኝ።

«አይመለስም» አልኩ። «እንዲህ ከሄደ አይመለስም። መንገድ ላይ ይቆለፋል። መሪያቸው በረዶ ላይ ከወደቀ ደግሞ እነዚህም ልጆች መንገዱን አያውቁትም።»

ሄርማን ቀበቶውን እያሰረ ቀና አለ። «ደህና ነኝ እኮ! ይኸው!» አለና አንዴ ዘለለ።

«አትዝለል! አንተ የምታውቀው በረዶውን ነው፤ ይሄን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ሲቆለፍ የሚከፍት ሰው አብሮህ መሄድ አለበት።»

ታውኖ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ከጠረገ በኋላም መጥረጉን አልተወም። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ምሏልና አይጠይቀኝም። አንድ ቃል ቢናገር፣ ደስ ቢለው፣ ቢለምነኝ፣ ተቆጥቼ እምቢ ለማለት ምክንያት አገኝ ነበር። ልጅ ምነው እንዲህ ቃሉን ጠባቂ አድርጌ አሳደግሁት?

ቃሉን ሳውና ውስጥ ተቀብዬው ነበር፤ ሳውና ውስጥ መለስኩለት።

«ታውኖ» አልኩት። «ጓንትህን አድርግ።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው።

ኢዳ የባሏን ትርፍ መንሸራተቻና አንድ አንሶላ አመጣች። ከራሷ አልጋ የገፈፈችው ነው። ውጭ ሰማዩ ጠቁሮ አንድ ሁለት ኮከብ ወጥቷል፤ በረዶው ግን የራሱ ብርሃን አለው። ልጆቹ ገመዳቸውን እየተሳሰሩ ነው።

«ና ወዲህ» አልኩት ልጄን፣ ወደ ጋሪያችን ወሰድኩት። «እስከ ዛሬ የተማርከው ሙቀት ውስጥ፣ ራቁት ገላ ላይ ነው። እዚያ ልታወልቀው አትችልም፣ ብርዱ ይገድለዋል። በካፖርቱ ላይ፣ በሱፉ ላይ ነው የምትፈልገው። ሰምተሃል?»

«እንዴት ነው የማገኘው?»

ምርኩዜን ጣልኩ። ጀርባዬን ሰጠሁትና የጋሪውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩ። «ፈልገው።»

እጆቹ ጀርባዬ ላይ አረፉ። እኛ ተቃቅፈን የምንሰናበት ሰዎች አይደለንም፤ ሕፃን ሆኖ ጡት ከጣለ ወዲህ አቅፌው አላውቅም። ካፖርቴ ወፍራም ነው፣ ከሥሩ ሻል፣ ከሻሉ ሥር የሱፍ ሹራብ። እጆቹ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ዝቅ በል። አሁንም። ወደ ቀኝ... አለፍከው። ጨርቁን ተወው፣ የሥጋውን ትንፋሽ ተከተል።»

«እዚህ?»

«እዚያ። ከአጥንቱ ጎን። ትንፋሼ ሲያልቅ ጫን።»

ተነፈስሁ። ጫነ። ቀኙ ልክ ነበር። ግራው ከበደ፤ እንደ ሁልጊዜው። «አላላው» ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ግን አላልኩትም። እንዲከብድ ፈለግሁ። እንደጫነ ቢቆይልኝ ወደድሁ።

«ልክ ነው?» አለኝ።

«ልክ ነው። በል ሂድ፣ ሰዎቹን በብርድ አታቁም።»

ሲሄዱ አላየሁም። ነጭ ለብሰው ነጭ ላይ የሚሄዱ ሰዎች ወዲያው ይጠፋሉ። የመንሸራተቻቸውን ድምፅ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ሰማሁ።

ኢዳና እኔ አሮጌ መረብ በበግ ለምድ ጠቅልለን ጋሪው ላይ አስተኛነው፤ የሄርማንን ቆብ ከጫፉ ላይ ደፋንበት። መንገድ ላይ ሁለት ወታደሮች ሲያስቆሙኝ «በሽተኛ ነው፣ ሃምሳ አለቃው ያውቁታል» ብዬ አለፍኩ። ሩስኮን የምነዳው ራሴ ነበርኩ። መረቡን እስከ ቤቴ ድረስ «አይዞህ፣ ደረስን» ስለው መጣሁ። ሰው ይስማኝ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ወታደሮቹ ከራቁ በኋላም አላቆምኩም።

ሰኞ የመጣው ኒርማን ብቻ ነው። ዙየቭን ወደ ሌላ ዳርቻ ጠርተውታል። «እንዴት ሆነ በሽተኛው?» አለኝ በር ላይ ቆሞ።

«ተኝቷል። ስድቡን መስማት ካማረህ ግባና ቀስቅሰው።»

ከኢዳ ተቀብዬ ከበሩ ጎን ያስቀመጥኩትን የሄርማንን ትርፍ ጫማ አየ። ጫማው ላይ በረዶ የለም፣ ጭቃም የለም። አተኩሮ አየው። «ይታሽ እንግዲህ» ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

የደቡቡ ነፋስ እንደተፈራው ተነሳ። ባሕሩ ሲሰነጠቅ ድምፁ እኔ ቤት ድረስ እንደ መድፍ ይሰማል። ከዚያ ብርዱ ተመልሶ ስንጥቁን ዘጋው። እኔ የመጣልኝን ሰው ሁሉ አሸሁ፤ የወፍጮ ቤቱን ሰው ትከሻ፣ የቄሱን ሚስት አንገት። ሲያወሩኝ አልሰማም ነበር።

አንድ ጠዋት በረት ውስጥ ሆኜ በር ሲከፈት ሰማሁ። ዞር ስል ሄርማን ቆሟል። ከስቷል፤ ጉንጩን ብርድ በልቶታል። ቀጥ ብሎ ነው የቆመው።

«ልጆቹ?» አልኩት።

«ደርሰዋል። ስድስቱም።»

ሰባተኛውን መጠየቅ አቃተኝ። እሱ ገባው።

«መሐል ላይ ተቆለፍኩ፣ እርስዎ እንዳሉት። እንደ ግንድ ወደቅሁ። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ነፋሱ መጣሁ መጣሁ ይላል። ታውኖ በደረቴ ገለበጠኝና ካፖርቴ ላይ እየዳሰሰ ፈለገኝ። ደግሞ እንደ እርስዎ ይቆጣል እኮ! ‹ተንፍስ፣ እንደ ሕፃን አትሁን› ይለኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሳሁ፤ ደረስን። እሱ ከልጆቹ ጋር ወደ ደቡብ ቀጠለ።» ሄርማን ቆቡን በእጁ አዞረው። «ለእናትህ ምን ልበልልህ አልኩት። ብዙ አሰበ። ‹ወገብህን አሳያት› አለኝ።»

ዞረና ካፖርቱን አወለቀ፤ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ።

እጄን በትንፋሼ አሞቅሁና ጀርባው ላይ አደረግሁ። ከአከርካሪው ጎን ወረድሁ። ቀኙ ቦታው ላይ ነው፤ ማጠፊያው ጠብቆ፣ ሚስማሩ ተመትቶ። እኔ ያልያዝኩትን ይዞታል። ወደ ግራው አለፍኩ። እዚያ ሥጋው ከሚገባው ትንሽ ጠልቆ ገብቷል፤ አንድ አውራ ጣት የሚያክል ቦታ፣ ያለ ልክ የተጫነ።

አውራ ጣቴን እዚያ ላይ አሳረፍሁት። ላሞቹ ያመነዥካሉ። ሄርማን ሸሚዙን እንደሰበሰበ ቆመልኝ።

«ምነው፣ ችግር አለ?» አለኝ በመጨረሻ። «ያስተካክሉታል?»

«ያምሃል?»

«ኧረ ምንም አያመኝም።»

«እንግዲያው» አልኩት፣ «ተወው፣ እንዳለ ይሁን።»